ሰላምታው የበላው ባትሪ

ቴፑን የጠገንኩት እኔ ነኝ። ጎማውን ቀየርኩ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል ጠረግኩ፣ ሞተሩ ላይ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አደረግኩ። አራቱን ባትሪ ድንጋይም የከተትኩት እኔው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ወሬው በየአፉ እየተለወጠ ስለሄደ ነው። አንዱ «መንፈስ ተናገረ» ይላል። ሌላው «ልጅቱ ሆን ብላ ያቀነባበረችው ነው» ይላል። ሁለቱም አይደለም። የሆነው ነገር የቮልቴጅ ጉዳይ ነው። የቮልቴጅ ጉዳይ መሆኑን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

ዮርዳኖስ ፍቅረ ማርያምን የማውቃት ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ኤሌክትሮኒክስ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ወንዶችና እሷ ነበርን። ከአንኮበር ቁልቁለት ሥር ካለች መንደር መጥታ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር የምትማረው። እኛ የተበላሸ ሬዲዮ ሲሰጠን ቶሎ እንዲናገር እንጣደፋለን። እሷ ብሎኑን ከመፍታቷ በፊት ጆሮዋን ደቅና ኩርፊያውን ታዳምጣለች።

«ምን ትሰሚያለሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«የት ላይ እንዳመመው እየነገረኝ ነው።»

መምህራችን ሰሙና «ዮርዳኖስ፣ ሐኪም ቤቱ ማዶ ነው» ብለው ክፍሉን አሳቁባት። ፈተናውን አንደኛ የወጣችው ግን እሷ ናት።

ስንመረቅ እኔ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ገባሁ። እሷ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለ ቪዲዮ ቤት ተቀጠረች። ሠርግ ታቀናብራለች፣ በሩ ላይ ደግሞ «የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን» የሚል ማስታወቂያ አለ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ሠራች። ከእነዋሪም ከመዘዞም ሰው ካሴቱን በፌስታል ይዞ ይመጣል። የሚፈልጉት ዘፈኑን ነው፤ እሷ የምትፈልገው የተረፈውን። አንድ ቀን ልጠይቃት ሄጄ እዚያው ተቀምጬ ሳለ አንድ የእነዋሪ ገበሬ የሠርጉን ካሴት ይዞ መጣ። ጭፈራው ካለቀ በኋላ ቴፑን ማጥፋት ረስተውት ኖሮ፣ በግ ሲጮህ፣ አንዲት ሴት ስለጠፋ ጭልፋ ስትቆጣ፣ ከጀርባ ደግሞ ሬዲዮ ዜና ሲያነብ ይሰማል።

«ይቺን ለእኔ ተውልኝ» አለችው።

«ጭልፋ የጠፋባትን ሴትዮ ምን ልታደርጊያት ነው?»

«ላሰማት ነው።»

«ለማን?»

«ያን ቀን ላልነበረ ሰው።»

ሰውዬው እኔን አየና «ደህና ናት?» በሚል ዓይን ጠየቀኝ። «ደህና ናት፤ ሥራዋ ነው» አልኩት።

ሥራዋ በእርግጥም ይሄው ነበር። ደመወዟን እያብቃቃች አሮጌ መሣሪያ ትሰበስባለች፦ ባለ ሆድ ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮ፣ የተሰበረ ሞንታርቦ። ከዚያ ድምፁንና ምስሉን ታጋጥማለች። መጀመሪያ ያየሁላት የጣርማ በሩን ዋሻ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ዋሻው ውስጥ መቅረጫ አስቀምጣ፣ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሁሉ ቀዳች። ቪዲዮውን ግድግዳ ላይ ለቀቀችው፤ በመኪናዎቹ ድምፅ መካከል ጣልያን ያንን ድንጋይ ሲያስቆፍር አባቶቻቸው የነገሯቸውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። አንድ መኪና ሲገባ የሽማግሌው ድምፅ ይዋጣል፤ ሲወጣ ይመለሳል። ተመልካቹ ሃያ ሰው ነበር። ግማሽ ሰዓት ከተቀመጡ በኋላ አቶ ኪዳነ ማርያም እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?»

አቶ ኪዳነ ማርያም የዮርዳኖስ የመንደር ሰው ናቸው፤ ዛሬ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ልጆቻቸው ደብረ ብርሃን ካመጧቸው ወዲህ የእድር ዳኛ ሆነዋል። ሥራዋ ባይገባቸውም አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። ዮርዳኖስም አንድ ሕግ አላት፦ ካሴት የሰጠ ሰው ራሱ ቀድሞ ሳይሰማ ለሌላ ሰው አይሰማም። «የሰው ድምፅ የሰው ንብረት ነው፤ ባለቤቱ መጀመሪያ ይስማ» ትላለች። ይህን ሕግ አንድ ጊዜ ብቻ ጣሰች። ያቺን አንድ ጊዜ ነው የምጽፈው።

ካሴቱ የእናቷ ነው። እናቷ እትዬ ቦሰና ሱፍ ፈትለው፣ ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች የሚሸጡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። በ1980 ዓ.ም. ባላቸው ፍቅረ ማርያምና ታላቅ ወንድማቸው ገብረአብ በአንድ ቀን ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርተው ወደ ሰሜን ዘመቱ። እትዬ ቦሰና ያኔ እርጉዝ ነበሩ፤ ዮርዳኖስ አባቷን አይታ አታውቅም። በ1981 መጋቢት ላይ አንድ የቆሰለ የመዘዞ ልጅ ሲመለስ ከገብረአብ የተላከ ካሴት ይዞ መጣ። በዚያ ዘመን ማንበብ ለማይችል ቤተሰብ ደብዳቤ በካሴት ይላክ ነበር። ቤተሰቡ ቴፕ ተውሶ ተሰበሰበ።

ካሴቱ ሲጀምር ጥርት ያለ ነው። ገብረአብ «ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ይልና ሰላምታውን ይቀጥላል። አባቱን፣ እናቱን፣ ሦስተኛ ኪዳነ ማርያምን፣ ከዚያ የንስሐ አባታቸውን፣ ከዚያ ከላይ ቤት እስከ ታች ቤት መንደሩን ሁሉ ስም በስም ይጠራል። አቶ ኪዳነ ማርያም እስከ ዛሬ «እኔ ከቄሱ በፊት ነው የተጠራሁት» እያሉ ይኩራራሉ። ገብረአብ በሬያቸውን ቡሬን ሳይቀር ጠይቋል። ሰው ቢዘል ይቀየመዋላ! ከሩብ ሰዓት በኋላ ድምፁ መፍጠን ይጀምራል። የጎልማሳ የነበረው የልጅ ይሆናል፣ ከዚያ የጫጩት። ጭር ጭር ጭር ብሎ እስከ ካሴቱ መጨረሻ ይሄዳል። አንድ ቃል አይለይም። ሦስት ቤት ቴፕ ቀያይረው ሞከሩ፤ ያው ነው። አንዱ «ሰይጣን ገብቶበት ነው» አለ። ቄሱ ጠበል ረጩበት። እትዬ ቦሰና በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አኖሩት።

የገብረአብ መርዶ በ1983 ደረሰ፤ ተለቀሰ፣ ተዝካሩም ወጣ። የፍቅረ ማርያም ግን አልመጣም። ጦሩ ሲበተን አንዱ «ሱዳን ገብቷል» አለ፣ ሌላው «እዚያው አግብቶ ወልዷል» አለ። እትዬ ቦሰና ለሁሉም መልሳቸው አንድ ነው፦ «መርዶ አልመጣልኝም።» ሽማግሌ ሲላክባቸውም «ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ሽማግሌ አትቀበልም» ብለው መለሱ። መሬት ሲመዘገብ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ይለጠፋል፤ እሳቸው የባላቸው ስም እንዲጻፍ፣ የፎቶው ቦታ ደግሞ ባዶ እንዲቀር አስደረጉ። መዝጋቢው «እማማ፣ ይሄ አይሆንም» ቢላቸው «ሲመጣ ይነሳና እንለጥፈዋለን» አሉት። ደብተሩ አሁንም እንደዚያው ነው።

ዮርዳኖስ የካሴቱን ነገር ከተማሪነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አንድ ቀን አስረዳችኝ።

«ሀብቴ፣ ሰይጣንም ምንም አይደለም። ባትሪ እያለቀ የተቀዳ ነው። ባትሪው ሲደክም ሞተሩ ያዘግማል። እያዘገመ የቀዳውን ጤነኛ ቴፕ ላይ ስታጫውተው ይፈጥናል። ኮምፒውተር ላይ ባስገባው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»

«ታዲያ ለምን አታስገቢውም?»

«ይሄንኑ ለእማ አስረዳኋት፤ እምቢ አለች። ያለው ይበቃኛል ትላለች። የቀረውም ሰላምታ ነው መቼም፤ የታች ቤት ሰው ገና አላለቀም ነበር።»

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ዮርዳኖስ ትልቁን ሥራዋን ልታሳይ ተነሳች። ርዕሱ ድምፅ በምን በምን ወደ አገራችን እንደመጣ ነው፦ በስልክ ሽቦ፣ በሬዲዮ፣ በካሴት፣ አሁን በእጅ ስልክ፤ በየመንገዱ ምን እንደጠፋ ጭምር። የድሮ የእህል መጋዘን ለሦስት ቀን ተፈቀደላት። ቆርቆሮው ያስተጋባል፤ ስለዚህ ግድግዳውንና መስኮቱን በሙሉ በባና ሸፈነችው። አርባ ሁለት ባና ከነሱፍ ሽታው። የመጨረሻው ሥራ የእናቷ ካሴት እንዲሆን ፈለገች፤ የተፈለገው ገብረአብ ሰላም ሲል ቆይቶ ወደ ጫጩት የሚለወጥበት ቦታ ነው። «መሣሪያ ሰውን የሚተውበት ደቂቃ ያ ነው» አለችኝ።

እትዬ ቦሰና ከብዙ ልመና በኋላ ፈቀዱ። ካሴቱን ያመጡት ግን በዕለቱ ጠዋት፣ በራሳቸው እጅ ነው።

«አንዴ። ግልባጭ የለም። ኮምፒውተር የለም። ከእጄ ወደ ቴፑ፣ ከቴፑ ወደ እጄ።»

«እሺ እማ። ሕግ አለኝ፤ መጀመሪያ አንቺ ለብቻሽ ስሚው።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት የሰማሁትን? በቃልሽ በዪው ብትይኝ ከነሳሉ እልልሻለሁ።»

ዮርዳኖስ ሳቀች። ሕጓን የጣሰችው በዚህ ሳቅ ነው። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ቴፑን በኤሌክትሪክ አገናኘሁት። መብራት በየሰዓቱ እንደሚሄድ ስለምናውቅ በመጠባበቂያነት አራት ባትሪ ድንጋይ ከተትኩበት። አዲስ ገዝቼ ነበር። ውስጡ ያሉት ግን ሦስት ቀን ሙሉ የሞከርኩባቸው፣ ሁለት ጊዜ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ያስነሳኋቸው ናቸው። «ኋላ እቀይራቸዋለሁ» ብዬ አዲሶቹን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሽቦ ሳስተካክል ረሳሁት። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ስህተት ይሄን ያህል ነው፤ ከኪስ እስከ ቴፕ አንድ ክንድ አይሞላም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ሞላ። ስልሳ ሰው ገደማ ነበር፦ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ከፋብሪካ የመጡ ጓደኞቼ፣ የአንኮበር ሰዎች። እትዬ ቦሰና ከፊት ተቀመጡ፤ አጠገባቸው አቶ ኪዳነ ማርያም ከነከዘራቸው። ግድግዳው ላይ የእትዬ ቦሰና እጅ ሱፍ ሲፈትል በፕሮጀክተር ይታያል፤ ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ወደ አንኮበር የሚወጣውን መንገድ ያሳያሉ። ዮርዳኖስ ቴፑ አጠገብ ቆማ ቁልፉን ተጫነች።

የገብረአብ ድምፅ በሞንታርቦው መጋዘኑን ሞላው። «ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል?» እትዬ ቦሰና ከንፈራቸውን ከድምፁ ጋር ያንቀሳቅሳሉ። ሦስተኛው ስም ሲጠራ አቶ ኪዳነ ማርያም ዞር ብለው ሕዝቡን አዩ፤ «ከቄሱ በፊት» አሉ በሹክሹክታ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው። ቡሬ ሲጠየቅ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ድምፁ መፍጠን ጀመረ፤ ልጅ ሆነ፣ ጫጩት ሆነ። ሰው እንደገና ሳቀ። ዮርዳኖስ ጣቷን ማቆሚያው ላይ አኑራ ሰዓቷን ታያለች። አንድ ደቂቃ ልትሰጠው ነበር ያሰበችው። ስድስት ሰከንድ ሲቀረው መብራት ሄደ።

ፕሮጀክተሩ ጠፋ፤ ቴሌቪዥኖቹ ጠፉ፤ ሞንታርቦው ዝም አለ። መስኮቱ በባና ስለተሸፈነ ከበሩ ስንጥቅ በቀር ብርሃን የለም። ጸጥታው ውስጥ ግን የቴፑ ትንሿ ድምፅ ማጉያ አልቆመችም። እኔ የከተትኳቸው የደከሙ ባትሪዎች ተረክበዋት ነበር። ጫጩቷ መውረድ ጀመረች። ጭር ጭር ያለው ነገር የሴት ድምፅ ሆነ፤ ከዚያ የጎረምሳ። ከዚያ ገብረአብ ሆነ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ማንም ያልሰማው ገብረአብ፣ በደከመ ባትሪ የተቀዳ፣ በደከመ ባትሪ ልክ የመጣ።

«... ከዚህ በኋላ ለምናገረው ቦሰና ካለች ትውጣ። ቦሰና፣ እህት ዓለም፣ እስቲ ወጣ በይና በጎቹን እያቸው።»

እኔ እጄ ላይ የያዝኩት ፒንሳ መሬት ወደቀ፤ ድምፁን የሰማሁት ግን በኋላ ሳስበው ነው። ዮርዳኖስ ጣቷ ማቆሚያው ላይ ነው፤ አልጫነችም፣ አላነሳችም። ገብረአብ ትንሽ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ንፋሱ ብቻ ይሰማል። እዚያ ሆኖ፣ እዚህ አንዲት ሴት ተነስታ እስክትወጣ እየጠበቀ ነበር።

እትዬ ቦሰና ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ማንንም ሳያዩ፣ በሁለት ወንበር መካከል አልፈው፣ በሩን ገፋ አድርገው ወጡ። ታላቅ ወንድማቸው ውጪ ብሏላ! በሩ ተመልሶ ሲዘጋ አንዲት ሴት «ኧረ እመቤቴ!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

ድምፁ ቀጠለ።

«ፍቅረ ማርያም አርፏል። ጥር ሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ። ከጎኔ ነበር። አልተሰቃየም። የእጅ ሰዓቱ እኔ ጋ አለ፤ የተቀበረውም...»

እዚህ ላይ ድምፁ ይወፍር፣ ይጎተት ጀመር። አንድ ፊደል የእርምጃ ያህል ረዘመ። ከዚያ ቀጥ አለ።

አልቃሽም አልነበረም፤ ለቅሶ ባለቤት ይፈልጋል፣ ባለቤቷ ውጭ ናት። ሌላዋ ባለቤት ደግሞ ቴፑ አጠገብ ቆማለች። ዮርዳኖስን ጠራኋት። አልሰማችኝም። ሁለተኛ ስጠራት ዞረች።

«አዲስ ባትሪ አለህ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው። ግን አዲስ ከከተትኩ ጫጩቷ ትመለሳለች።»

ኤሌክትሮኒክስ አብረን ተምረናል፤ ወዲያው ገባት። የምንፈልገው ደካማ ባትሪ ነው። ያሉን ደግሞ ከድካም አልፈው ሞተዋል።

«መብራት ሲመጣ በኮምፒውተር...» ብዬ ስጀምር አቶ ኪዳነ ማርያም ከዘራቸውን መሬት መቱ።

«መብራት እስኪመጣ ሰውየው እንዲህ ተንጠልጥሎ ይደር? የት እንደተቀበረ ሳይነገረን? አንተ ባለሙያ አይደለህም እንዴ?»

አራቱን ባትሪዎች አወጣሁ። በረዶ ናቸው። የደብረ ብርሃን ብርድ ባትሪን ከሰው በፊት ነው የሚገድለው። ድሮ አባቶቻችን የሚያደርጉትን አደረግኩ፤ አንዱን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ፣ አንዱን ለዮርዳኖስ፣ አንዱን ለአቶ ኪዳነ ማርያም ሰጠሁ። አራተኛውን ከኋላ የተቀመጠ አንድ መምህር ሳይጠየቅ እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝና ኮቱ ውስጥ አስገባ። አሥር ደቂቃ ቆምን። ስልሳ ሰው፣ አራት ሰው ባትሪ ሲያሞቅ ይጠብቃል። ማንም አልሳቀም።

መልሼ ከተትኳቸው። ዮርዳኖስ ትንሽ ወደ ኋላ አጠነጠነችና ተጫነችው። ያረፈ ባትሪ መጀመሪያ ብርቱ ነው፤ ጫጩት ሆኖ ተነሳ። እስኪደክም ጠበቅን። ወረደ፣ ወረደ፣ ገብረአብ ሆነ።

«... የተቀበረውም ከመንገዱ በላይ ካለው ጊዮርጊስ ነው፣ ከምሥራቁ በር። ድንጋይ አቁሜበታለሁ። ለቦሰና ድንገት እንዳትነግሯት፤ ወይ እርጉዝ ናት፣ ወይ አራስ። ኪዳነ ማርያም፣ አደራ፣ ሰው ሰብሰብ አድርገህ፣ እንደ ወጉ በጠዋት ሄደህ አንተ ንገራት። አደራ ብያለሁ። ሰላምታ ያልደረሳችሁ...»

እንደገና ቆመ። በቃ።

የአቶ ኪዳነ ማርያም ከዘራ መሬት ላይ ነበር። አላነሱትም። ሰውየው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ «ሦስተኛ የተጠራሁት እኔ ነኝ» ሲሉ የኖሩት ለምን እንደተጠሩ ሳያውቁ ነው። ፊታቸውን አየሁት፤ ባላየው ይሻለኝ ነበር። «አደራ» አሉ። «አደራ።»

በኋላ ሳሰላው ነገሩ ቀላል ነው። ገብረአብ ባትሪው አዲስ እያለ ሰላምታ ሰጠ። አባት፣ እናት፣ ጎረቤት፣ ቄስ፣ በሬ። አንድ ሰው አልዘለለም፤ አገሩ እንዲህ ነው ያሳደገው። ዋናው ጉዳይ ጋ ሲደርስ ሰላምታው ባትሪውን በልቶት ነበር። ፈረንጅ ቢሆን በመጀመሪያው ደቂቃ ተናግሮ ይጨርስ ነበር። የእኛ ሰው ግን ሰላም ሳይል መርዶ አይናገርም።

ዮርዳኖስ ወጣች፤ ተከተልኳት። ከመጋዘኑ ማዶ የበግ ገበያው ገና አልተበተነም። እትዬ ቦሰና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በጎቹን ያያሉ። ዮርዳኖስ አጠገባቸው ቆመች። 

«በጎቹን አየኋቸው» አሉ እትዬ ቦሰና። «ደህና ናቸው።»

«እማ...»

«ዝም በይ። ዛሬ ምንም እንዳትነግሪኝ። እኔ አልነበርኩም። ውጪ ተባልኩ፣ ወጣሁ።» ዞረው አዩዋት። እንባ የለም፤ ፊታቸው ግን አመድ መስሏል። «ወግ አለው። ነገ በጠዋት ኑ። አንቺም ከእነሱ ጋር ነይ። ዛሬ ካሴቴን ስጪኝና ልሂድ።»

«ብቻሽን ታድሪያለሽ?»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ከማን ጋር ያደርኩ መሰለሽ?»

ዮርዳኖስ ካሴቱን አውጥታ በጨርቁ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ተመልሳ አንድ ነገር ይዛ መጣች። ዝግጅቱን ለማስታወሻ እንዲቀርጽ ያቆመችው ካሜራ በራሱ ባትሪ ስለሚሠራ ሁሉንም ቀድቶ ነበር። ካርዱን አውጥታ ጨርቁ ውስጥ ጨመረችው።

«ይሄም ያንቺ ነው። ሌላ የለም።»

«ያቀነባበረችው ነው» ለሚሉት ማስረጃው ያ ካርድ ነው። ሣጥኑ ውስጥ አለ። እትዬ ቦሰና ለማንም አያሳዩም።

እትዬ ቦሰና በአሥራ አንድ ሰዓቱ ሚኒባስ ወደ አንኮበር ሄዱ። እኛ ገና ሳይነጋ ተነሳን፤ በሁለት መኪና አሥራ ሦስት ሰው። አቶ ኪዳነ ማርያም ከፊት ተቀመጡ። ዮርዳኖስ መቅረጫም ካሜራም አልያዘችም። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት መንገዱን ሁሉ ጉልበቷ ላይ ስታገላብጠው አየሁ።

ስንደርስ ፀሐይ ገና ከቆላው ብቅ ማለቷ ነው። ደጁ ተጠርጓል። በሩ ገርበብ ብሏል። ቤቱ አሥራ ሦስት መቀመጫ የለውም፤ እሳቸው ግን ከጎረቤት ያመጡት አግዳሚና ዱካ ተደርድሯል። እትዬ ቦሰና ከሱፋቸው ቀና ብለው፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ ፊታቸውን አጠየሙ።

«ምነው በዚህ ጠዋት? በደህና ነው?»

ገብተን ተቀመጥን። አቶ ኪዳነ ማርያም ብቻ አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሚናገሩት ጠፍቷቸው፣ አንደበታቸው የለመደውን ያዘ።

«እንደምን አደርሽ ቦሰና? ጤናሽ እንዴት ነው? ጎረቤቶቹ ደህና ናቸው? ቄሱ እንዴት ናቸው? ከብቱስ...»

እትዬ ቦሰና እንዝርቱን መሬት አስቀመጡ።

«ኪዳነ ማርያም» አሉ፤ «ሰላምታውን ተወው። ባትሪው ያልቅብሃል።»